አራት መቶ ስምንቱ

«ድሃው ቤት ያግኝ» በሚለው ሐሳብ የሚጣላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ታክሲ ውስጥ ጠይቁ፣ ለቅሶ ቤት ጠይቁ፣ ቢሮ ውስጥ ጠይቁ፤ «እንዴታ! ሰው አይደለም እንዴ?» ነው መልሱ። ጣጣው የሚመጣው «እሺ፣ የት ይሠራ?» የተባለ ጊዜ ነው። ያኔ መሬቱ ረግረግ ሆኖ ይገኛል። የፍሳሽ መስመሩ አይችልም። ትምህርት ቤቱ ሞልቷል። ሕንፃው ፀሐይ ይከልላል። ልብ በሉልኝ፣ ይኼ ሁሉ ውሸት ነው አላልኩም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም እውነት ነው። ግን ከእውነቱ ጀርባ ሌላ ወሬ አለ፤ እሱ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ አይነገርም። በር ላይ ነው የሚነገረው።

ዛሬ የማወጋችሁ የሰው አገር ታሪክ ነው። ቦታው ኒው ዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በሚባለው ክፍሏ ውስጥ ያለ ፎረስት ሂልስ የተባለ ሰፈር ነው። ዘመኑ የ1960ዎቹ መጨረሻና የ1970ዎቹ መጀመሪያ። (ዓመተ ምሕረቱን የእኛ ነው ካላልኳችሁ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ።) የሰው አገር ታሪክ አንዳንዴ ለማውራት ይመቻል፤ ማንንም ሳያስቀይሙ ሁሉንም መናገር ይቻላላ!

ነገሩ ወዲህ ነው። ጆን ሊንድሴይ የሚባል ረጅም፣ መልከ መልካም፣ በትልልቅ ትምህርት ቤቶች ያደገ ሰው በ1965 ተመርጦ በ1966 መጀመሪያ የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆነ። ከተማዋ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የኪራይ ቤት ስትሠራ ኖራለች። ነገር ግን ቤቶቹ በብዛት የሚሠሩት እዚያው የድሃው ሰፈር ውስጥ ነው። ጎጆው ፈርሶ በቦታው ፎቅ ይቆማል፤ ድሃው ከምድር ወደ ሰማይ ወጣ እንጂ ከሰፈሩ አልወጣም። ጥቁሩና ፖርቶሪኮው እዚያው እርስ በርሱ፣ ነጩ እዚያ ማዶ።

የሊንድሴይ ሰዎች ታዲያ ጥሩ ነገር አሰቡ። ቤቶቹን እንበትናቸው አሉ። ደህና ትምህርት ቤት፣ ደህና መናፈሻ ያለበት መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰፈር ውስጥ እየወሰድን እንሥራ፤ የድሃው ልጅም ከሌላው ልጅ እኩል ይማር። ወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ይላል። እኔም ብሆን እፈርም ነበር።

የመጀመሪያው እጣ የወጣው ኮሮና ለተባለ ሰፈር ነበር። ኮሮና የጣልያን ስደተኞችና የልጆቻቸው ሰፈር ነው። ግንበኛው፣ ሾፌሩ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ቅዳሜና እሁድ በገዛ እጁ ቤቱን ሲያድስና ጓሮው ውስጥ ወይን ሲተክል የኖረ ሰው። ሰፈሩ «አይሆንም» አለ። መዘጋጃ ቤቱም አልተከራከረም። «እሺ፣ እናንተ ጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የስፖርት ሜዳ እንሠራለን፤ የድሆቹን ቤት ወደ ፎረስት ሂልስ እንወስደዋለን» አለ። የኮሮና ሰዎች እፎይ ብለው ሳይጨርሱ ለትምህርት ቤቱና ለሜዳው ሲባል የሚፈርሱ 69 ቤቶች ዝርዝር መጣ። የራሳቸው ቤት!

እነዚያ 69 ባለቤቶች ጠበቃ ፈለጉ። ያገኙት የእነሱው ቢጤ ነበር። አባቱ ከጣልያን መጥቶ እዚያው ኩዊንስ ውስጥ ትንሽ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የነበረው፣ ማርዮ ኩዎሞ የሚባል ማንም የማያውቀው ጠበቃ። ጂሚ ብሬስሊን የተባለው ዝነኛ ጋዜጠኛ ነገሩን እየጻፈ አገር አሰማው። በ1970 መጨረሻ ስምምነት ተደረገና አብዛኞቹ ቤቶች ከመፍረስ ዳኑ። ኩዎሞን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

እስከዚህ ድረስ ያላየነው አንድ ወገን አለ። ለድሆች የታሰበው ቤት እንደ ጨርቅ ኳስ ከኮሮና ወደ ፎረስት ሂልስ ሲለጋ፣ ቤቱን የሚጠብቁት ሰዎች የትኛውም ስብሰባ ላይ አልነበሩም። ማን ይጥራቸው? ገና ጎረቤት አልሆኑማ።

ፎረስት ሂልስ የአይሁድ ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል። አስተማሪዎች፣ ባለሱቆች፣ የመንግሥት ሠራተኞች። ጥቂቶቹ ከሂትለር የተረፉ ስደተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ከብሩክሊንና ከብሮንክስ የድሮ ሰፈሮቻቸው ለቀው የመጡ ናቸው። የድሮ ሰፈራቸው በዐይናቸው ሥር ሲጎሳቆል፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ሌሊት መውጣት ሲያስፈራ አይተዋል። በዚያ ላይ በአሜሪካ ለጥቁሮች መብት ከቆሙት ነጮች ውስጥ አይሁዶች ከፊተኞቹ ነበሩ። መዘጋጃ ቤቱም ይኼንን ሳያስብ አልቀረም። «እነዚህማ ለዘብተኞች ናቸው፣ አይቃወሙንም» ብሎ ይሆናል። ሰው መጽሐፍ ላይ የሚስማማበትን ደጁ ላይም ይስማማበታል ብሎ ማሰብ የባለሥልጣን የቆየ በሽታ ነው።

ቦታው 108ኛ ጎዳና ላይ፣ ከትልቁ አውራ ጎዳና አጠገብ ያለ ስምንት ተኩል ኤከር ገደማ፣ ማለትም ከሦስት ሄክታር በላይ የሆነ ባዶ መሬት ነበር። ባዶ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ረግረግ ነው። መሠረት ማውጣቱ ውድ ነው። ለመሠረቱ ይኼን ያህል ገንዘብ ከወጣ ደግሞ ብዙ ቤት ካልተሸከመ አያዋጣም። ስለዚህ እቅዱ ወደ ላይ አደገ፦ ሦስት ሕንፃ፣ እያንዳንዳቸው 24 ፎቅ፣ በድምሩ 840 ቤት።

እዚህ ላይ እኔም ሳቄ ይመጣል። «እንበትናቸው» ተብሎ የተጀመረ ነገር 840 ቤተሰብ አንድ ረግረግ ላይ በመቆለል አለቀ። ይኼ መበተን ሳይሆን መከመር ነው። የሰፈሩ ሰዎች «ትንንሽ ሕንፃ ቢሆን ኖሮ እኮ...» ሲሉ ቢያንስ የሚይዙት ነገር ነበራቸው።

ነገር ግን ከአውራ ጎዳናው ማዶ ሌፍራክ ሲቲ የሚባል ግቢ አለ። በ1960ዎቹ በግል ባለሀብት የተሠራ፣ 20 ረጃጅም ሕንፃ፣ ከአራት ሺህ በላይ አፓርትመንት። ከሦስቱ ሕንፃዎች ጋር ሲነጻጸር ተራራና ጉብታ ነው። እሱ ሲሠራ ችቦ ይዞ የወጣ የለም። ፍሳሹም ቻለ፣ ፀሐዩም አልተከለለም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ1970 የዚያን ባለሀብት ኩባንያ «ጥቁሮችን አላከራይም ትላለህ» ብሎ እንደከሰሰው ስትሰሙ፣ ፎቅ መቁጠሩ ለብቻው ብዙ እንደማያስረዳ ይገባችኋል።

በ1971 መጸው ግንባታው ሊጀመር ሲል ሰፈሩ አደባባይ ወጣ። በኅዳር አንድ ምሽት ብዙ መቶ ሰዎች ችቦ ይዘው ተሰልፈው፣ ድንጋይና የሚነድ ችቦ ወደ ግንባታው ተጎታች ቢሮዎች ወረወሩ። አስተማሪው፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ጡረታ የወጣው ሰውዬ! በማግስቱ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። እነዚህ ሰዎች በሕይወታቸው ድንጋይ የወረወሩት ምናልባት በልጅነታቸው ነበር።

ከንቲባውም ለማግባባት የተፈጠረ ሰው አልነበረም። ኩዊንስ ደግሞ ቂም ነበራት። በየካቲት 1969 ታላቅ የበረዶ ውሽንፍር ወርዶ በከተማዋ 42 ሰው ሲሞት፣ ግማሽ ያህሉ የኩዊንስ ሰዎች ነበሩ። የማንሃታን መንገድ ሲጠረግ የኩዊንስ መንገድ ለቀናት በበረዶ እንደተዘጋ ቀረ። ሊንድሴይ ሰፈሩን ሊጎበኝ ሲመጣ መኪናው ራሱ በረዶ ውስጥ ተያዘ። እና «በረዶ ሊጠርግልን ያልመጣ መንግሥት ድሃ ሊያሰፍርብን መጣ» ቢባል ምን ይገርማል? ቂሙ እስከ ፍሎሪዳ ተከተለው። በ1972 መጀመሪያ ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር እዚያ ሲቀሰቅስ፣ ከኒው ዮርክ ሄደው ፍሎሪዳ የሰፈሩ ጡረተኞች አናት ላይ አንድ አውሮፕላን «ሊንድሴይ ማለት መከራ ነው» የሚል ጽሑፍ እየጎተተ በረረ። «መከራ» የሚለው ቃል በአይሁዶቹ በዪዲሽ ነበር የተጻፈው፤ ለማን እንደተላከ ግልጽ ነው። ሰውየው ምርጫው ውስጥ ብዙም ሳይራመድ ወጣ።

አሁን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ፍርሃቱን ራሱን እንየው። እውነት መሠረት አልነበረውም? ነበረው። በዚያው በ1972 መጋቢት ሴንት ሉዊስ ከተማ ፕሩት ኢጎ የሚባለው የድሆች መኖሪያ ግቢ በድማሚት መፍረስ ጀመረ። 33 ሕንፃ፣ እያንዳንዱ 11 ፎቅ፣ ከተሠራ ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላው። ሊፍቱ ተበላሽቶ የቀረ፣ ደረጃው ሽንት ሽንት የሚል፣ መንግሥት ሠርቶ የረሳው። የፎረስት ሂልስ ሰው ይኼን በቴሌቪዥን እያየ ነው «እኛም ጋ ሊያመጡት ነው» የሚለው። ከተማው ሕንፃ ማቆም እንጂ ሕንፃ መያዝ እንደማይችል ያውቃል። ይኼ ዘረኝነት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ስንፍና ይመስለኛል።

ግን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ስለሚመጡት ሰዎች ሲወራ ሁሉም የሚያውቃቸው ይመስል ነበር። ይሰርቃሉ፣ ያቆሽሻሉ፣ ልጆቻቸው ልጆቻችንን ያበላሻሉ። ከ840ው አንዱን እንኳ በስም የሚያውቅ አልነበረም። ገና አልተመረጡምኮ!

ይኼን ሳነብ ትዝ የሚለኝ የእኛው ሰፈር እድር ነው። ከዓመታት በፊት ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ኮንዶሚኒየም ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ተነስቶ፣ የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ሌላው አጀንዳ ሁሉ ተረሳ። ውሃው ለእኛም አልበቃ፣ መብራቱ በየቀኑ ይጠፋል፣ የእቃ መጫኛው መኪና መንገዱን ይሰባብረዋል ተባለ። እውነት ነው። ከዚያ አንድ የተከበሩ አዛውንት ተነስተው፣ «ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ነው የሚሞላብን፤ ቀብር እንኳ አብሮን የማይወጣ» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ «ጋሼ፣ የኔዋ ልጅ በ97 ተመዝግባ እስካሁን ትጠብቃለች፤ እጣው እዚህ ቢወጣላትስ?» ብለው ጠየቁ። አዛውንቱ ምንም ሳይደናገጡ፣ «ያንቺ ልጅማ የእኛው ልጅ ናት! እኛ የምንለው ስለ ሌላው ነው» አሏቸው። ሁሉም እፎይ አለ። ግማሹ ቤት እኮ የተመዘገበ ልጅ ነበረው።

የእኛ አገር ነገር ከዚያኛው በአንድ ትልቅ ጉዳይ ይለያል፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። እዚህ ፎቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ነባሩ ድሃ ነው። የቀበሌ ቤቱ የሚፈርስበት፣ ከእድሩና ከጉልት ገበያው ተነቅሎ ከተማ ዳር የሚሄደው እሱ ነው። እሱ «አይሆንም» ቢል የሚሰማው የለም። ፎረስት ሂልስ ውስጥ ግን «አይሆንም» የሚለው ቤት ያለው ሰው ነው፤ ድምፅም አለው፣ ጠበቃም አለው፣ ካሜራም ይመጣለታል። ሁለቱን «የነዋሪው ተቃውሞ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት አይቻልም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱም ቦታ ቤት የሚያስፈልገው ሰው ስብሰባው ላይ የለም።

ወደ ኩዊንስ እንመለስ። ሊንድሴይ መግቢያ መውጫው ሲጠፋው በግንቦት 1972 ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌው አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ያ የኮሮናው ጠበቃ ኩዎሞ ነው። ሰውየው ሳምንታት ሙሉ እየዞረ አዳመጠ። የሰፈሩን ማኅበር፣ የመብት ታጋዮችን፣ የመዘጋጃ ቤቱን ሰዎች፣ ራቢዎችን፣ ባለሱቆችን ሰማ። ማታ ማታ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ ማስታወሻው በ1974 «የፎረስት ሂልስ ማስታወሻ» በሚል ታትሟል። ከፖለቲከኛ የማልጠብቀው ዓይነት ጥርጣሬ ያለበት መጽሐፍ ነው። ሰዎቹን አይንቃቸውም፤ የሚናገሩትን ሁሉ ግን አያምናቸውም።

በሐምሌ ሪፖርቱን አቀረበ። ሐሳቡ ለመናገር ቀላል ነው፦ በግማሽ ይቆረጥ። 24 ፎቁ 12 ይሁን፤ 840ው ቤት 432 ይሁን። ከቤቶቹም ብዙዎቹ ለአረጋውያን ይሰጡ። ተቃዋሚው «አንድም ቤት አንፈልግም» ብሎ ተቆጣ። የመብት ታጋዩ «ለችቦ ወርዋሪ ተንበረከካችሁ» ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም ከተቆጡ ሽማግሌው ሚዛናዊ ነው የሚባል ወግ በእኛም አገር አለ። የከተማዋ ቦርድም በዚያው ዓመት ጥቅምት ተቀበለው፤ ነገሩ በረደ።

እኔ ግን ቁጥሩን አንስቼ መቀነስ ጀመርኩ። ከ840 ላይ 432 ሲቀነስ 408 ይቀራል። አራት መቶ ስምንት ቤት። በአንድ ቤት ሦስት ሰው ቢኖር ከ1200 ሰው በላይ ነው። ኮሮና 69 ቤት ሊፈርስ ሲል ጠበቃ ተቀጠረ፣ ጋዜጣ ጻፈ፣ አገር ተነጋገረ። 408ቱ ሲቀሩ ድርድር ተሳካ ተባለ። ሰለሞን ሰይፍ ያስመጣው እኮ ልጁን ሊከፍለው አልነበረም፤ እናቲቱን ሊያውቅ ነበር። እዚህ ግን በእርግጥ ተከፈለ፤ «አይከፈል፣ ለእሷ ይሰጥ» የምትል እናት ችሎቱ ላይ አልነበረችማ።

ኩዎሞን ልወቅሰው አይደለም። ያ ሰው ባይኖር 840ውም ሊቀር ይችል ነበር። ከንቲባው ለሌሎች መካከለኛ ሰፈሮች ያሰባቸው አብዛኞቹ ቤቶች ሳይሠሩ ቀርተዋል፤ እዚያ ግማሽ እንኳ አልተገኘም። «ግማሽ እንጀራ ከባዶ ሞሰብ ይሻላል» ብትሉኝ እስማማለሁ። የምለው፣ የቀረው ግማሽ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ሲነሳ አለማየቴን ነው።

«እዚህ የተቀነሰው ሌላ ቦታ ይሠራል» ያለ ካለ ደግሞ ብዙም አልቆየለት። በጥር 1973 የፕሬዚዳንት ኒክሰን መንግሥት ለአዳዲስ የድሆች ቤት ግንባታ የሚሰጠውን የፌዴራል ገንዘብ አገደ። በሩ ተዘጋ። በኋላ ገንዘቡ በሌላ መልክ፣ በኪራይ ድጎማ ተመለሰ እንጂ፣ እንደዚያ ዓይነት ትልልቅ ግንባታ ወደ ድሮው መጠኑ አልተመለሰም። 1972 ላይ ግማሽ መቁረጥ ማለት፣ በጊዜው ማንም ባያውቀውም፣ ለዘለቄታው መቁረጥ ነበር።

ሦስቱ ሕንፃዎች በ1975 ተከፈቱ። አንድ ያልተለመደ ነገር ነበራቸው፦ ነዋሪዎቹ ተራ ተከራይ ሳይሆኑ ድርሻ የሚገዙ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ሆኑ። በአሜሪካ የመንግሥት ቤቶች ታሪክ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ከገቡት ውስጥ አረጋውያን ብዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ነጮች ነበሩ። የተፈራው አልመጣም። የቤት ዋጋ አልወደቀም፣ ሰፈሩ አልተበተነም፣ ፕሩት ኢጎ አልሆነም። ከዓመታት በኋላ ጋዜጠኞች እየሄዱ «ታዲያ ይኼን ነበር የፈራችሁት?» ብለው ሲጠይቁ፣ የሰፈሩ ሰዎች ፈገግ ከማለት በቀር ብዙ አልነበራቸውም።

ይኼን አንብቦ «አያችሁ፣ ፍርሃቱ ከንቱ ነበር» የሚል አለ። እኔ ይኼ መደምደሚያ ይቆረቁረኛል። የተፈሩት ሰዎች እኮ ብዙዎቹ አልገቡም። አስቀድመው ተቆርጠዋል። የገቡት በጥንቃቄ የተመረጡ፣ የሰፈሩን መልክ የሚመስሉ ናቸው። ፈተናው ተሰርዞ ውጤቱ «አልፏል» የተባለ ተማሪ ዓይነት ነው።

ኩዎሞ ከዚያ ሽምግልና ወጥቶ ትልቅ ሰው ሆነ። ከ1983 እስከ 1994 የኒው ዮርክ ግዛት ገዥ ነበር። በ1984 በፓርቲው ጉባኤ ላይ ያደረገው ዝነኛ ንግግር፣ ከቤተ መንግሥት በረንዳ ላይ ሆነው ሲያዩ ስለማይታዩት ድሆች ነበር። በ2015 የመጀመሪያ ቀን አረፈ።

ሕንፃዎቹ ዛሬም 108ኛ ጎዳና ላይ፣ አሥራ ሁለት ፎቃቸውን ይዘው አሉ። በኒው ዮርክ ለመንግሥት ቤት ተመዝግቦ ተራ የሚጠብቀው ቤተሰብ ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ነው።